ስለ አራዊት ማኖሪያና አራዊትን ስለሚያኖር ሰው ግዴታ

ልጆቹን ይዞ ወደ ኤውሮጳ የሚሄድ የቤተ ሰብ አባት ከሚያሳያቸው ስፍራዎች አንዱ የአራዊት ማኖሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ዛሬ ወደዚያ የሚገባ ልጅ፥ አያቱ አየሁት እያለ ያጫወተውን አውሬ ሁሉ አያገኝም። «አባባ፥ ዝሆኑ ወዴት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ አባት መልስ እንዳያጣ በማሰብ፥ በዛሬው ገጻችን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን ብርቅ አውሬን ማኖር የነገሥታት ክብር ነበረ። ዛሬ ካሉት ማኖሪያዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው፥ በቪየና ከተማ በሾንብሩን ቤተ መንግሥት ያለው፥ በ1752 ዓመት በንጉሠ ነገሥት ፍራንሲስ ዘመን የተሠራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ በ1882 ዓመት ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ልከው ነበር። ሊቃውንትም መስመሩ የቀጠነ፥ ጆሮው የሰፋ፥ ከሌሎቹ የተለየ ወገን መሆኑን ባዩ ጊዜ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። በዚያን ጊዜ አውሬ ሲመጣ የሚጠየቀው «ብርቅ ነውን? ያምራልን?» ተብሎ ነበረ። በኋላ ግን ሦስት ሌሎች ጥያቄዎች ተነሡ፤ ሦስቱም ሕግ ሆኑ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በተወለደበት አገር ስንት ቀርቷል?» የሚል ነው። በ1973 ዓመት መንግሥታት በዋሺንግተን ተሰብስበው ስለ ዱር አራዊትና ዕፀዋት ንግድ ውል ተፈራረሙ፤ የኢትዮጵያም መንግሥት በ1989 ዓመት በዚሁ ውል ገባ። ያ ለፕሬዚዳንት ግሬቪ የተላከው የሜዳ አህያ ወገን፥ ቍጥሩ እጅግ ስላነሰ፥ ዛሬ ከዱር ተይዞ ለንግድ እንዳይሸጥ በውሉ በመጀመሪያው መዝገብ ተጽፏል። ስለዚህ ዛሬ በኤውሮጳ የሚታዩት አብዛኞቹ እዚያው በማኖሪያው የተወለዱ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ «እንደ ባሕርዩ ሊኖር ይችላልን?» የሚል ነው። የኤውሮጳ ኅብረት በ1999 ዓመት ባወጣው ደንብ፥ በዓመት 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የዱር አራዊትን ለሕዝብ የሚያሳይ ቋሚ ስፍራ ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ፥ በተቈጣጣሪም እንዲታይ ታዘዘ። ባለቤቱ ለየወገኑ የሚስማማ ማደሪያ ማዘጋጀት፥ መዝገብ መያዝ፥ ሕዝቡን ማስተማር፥ ዘራቸው እንዳይጠፋ መርዳት ይገባዋል። ከሕጉም ሌላ ኅሊና ብዙ ለውጥ አመጣ። በሎንዶን ከተማ ማኖሪያ ከ1831 ዓመት ጀምሮ ዝሆን ይታይ ነበር፤ በ2001 ዓመት ግን ዝሆኖቹ ከከተማው ወጥተው፥ ያው ማኅበር በዊፕስኔድ ወዳለው ሰፊ መስክ ተወሰዱ። ለልጁ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ዝሆኑ የሄደው ስፍራ ስለ ጠበበው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ቢያመልጥስ?» የሚል ነው። ራኩን የሚባል፥ ፊቱ ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል የሰሜን አሜሪካ አውሬ አለ። በ1934 ዓመት በጀርመን አገር በኤደርዜ ሐይቅ አጠገብ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ራኩኖች ሆን ተብሎ ተለቀቁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው፥ ዛሬ በብዙ መቶ ሺህ ተቈጥረው የወፎችን ጎጆ ይዘርፋሉ፥ በየጣራውም ይገባሉ። በእኛ አገር በየሐይቁ ዳር የምናየው፥ ራሱና አንገቱ ጥቁር፥ ምንቃሩ ጎባጣ የሆነ ነጭ ወፍም፥ ፈረንጆች የተቀደሰ ኢቢስ የሚሉት፥ በፈረንሳይ ምዕራብ ከአንድ ማኖሪያ ወጥቶ እጅግ በዛ፤ የሌሎችንም ወፎች እንቍላልና ጫጩት በላ፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ተገደሉ። በአገሩ ማንም የማይነካው ወፍ በሰው አገር ወንጀለኛ ተባለ።

እንዲህ ያለውን ለመከልከል የኤውሮጳ ኅብረት በ2014 ዓመት ሕግ አወጣ፤ በ2016 ዓመትም 37 ዓይነት አራዊትና ዕፀዋት በመዝገብ ተጻፉ፤ ራኩንና ኢቢስም በዚያ ውስጥ አሉ። ለምርምር ወይም ዘርን ለማዳን ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር፥ ቀድሞ በማኖሪያ የነበሩት ሳይዋለዱ እስኪሞቱ ይጠበቃሉ፤ ሌላም በምትካቸው አይገባም።

ይህ ፍርድ ከባድ መሆኑን አንሸሽግም። በአጥር ውስጥ ተወልዶ ማንንም ያልበደለ ራኩን ዘር እንዳይተካ ተከልክሏል። ነገር ግን በደሉ የአውሬው ሳይሆን፥ ፍጻሜውን ሳያስብ ከአገሩ ያመጣው ሰው ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን አውሬው ሆነ። ለእኛ የሚያሳዝነን ይህ ነው።

ማኖሪያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም። በሞንጎልያ በረሃ ይኖር የነበረው ፕርዤቫልስኪ የተባለው የዱር ፈረስ በ1960ዎቹ ዓመታት ከዱር ጠፍቶ ነበር። በኤውሮጳና በሌላም አገር ማኖሪያዎች ጥቂቶች ስለ ተረፉ፥ የፕራግ ከተማ ማኖሪያም ከ1959 ዓመት ጀምሮ የትውልዳቸውን መዝገብ ስለ ያዘ፥ ከ1992 ዓመት ወዲህ ልጆቻቸው ወደ ሞንጎልያ ተመልሰው በዱር ይዋለዳሉ። አስቦ የሚጠብቅ ሰው የጠፋውን እንኳ ይመልሳል።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ ባዶ የሆነውን አጥር አይቶ ቢያዝን፥ ባዶነቱ አንዳንድ ጊዜ የክብር ምልክት መሆኑን አስረዱት። በግቢያችሁም የጦጣ ግልገል ወይም የሚዳቋ ጥጃ እናሳድግ ብሎ ቢለምናችሁ፥ ከመፍቀዳችሁ በፊት እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች አብራችሁት ጠይቁ። ለሦስቱም በቂ መልስ ካልተገኘ፥ ግልገሉን ከእናቱ ጋር መተው ይሻላል።