ሥራው በውል ይሰጣል፤ ኃላፊነቱ ግን ከወረዳው አይወጣም

የወንዝ ጠለፋ፣ የአነስተኛ ግድብና የመስኖ ቦይ ሥራ ዛሬ በአብዛኛው የሚከናወነው በጨረታ በተመረጡ አማካሪ ድርጅቶችና የሥራ ተቋራጮች ነው። አማካሪው ያጠናል፣ ዲዛይን ያወጣል፣ ግንባታውን ይቆጣጠራል። ተቋራጩ ይቆፍራል፣ ይገነባል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ድርሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብዳቤ ማስተላለፍ፣ ሪፖርት መቀበልና በምረቃው ዕለት አርሶ አደሩን መሰብሰብ ብቻ ይሆናል። መታረም ያለበት ይህ ነው።

ሥራን በውል መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም። አንድ ወረዳ ኤክስካቫተር ሊገዛ፣ የከርሰ ምድር ባለሙያ በቋሚነት ሊቀጥር አይችልም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአማራ ክልል አነስተኛ ግድቦችን የሚያጠናውና የሚገነባው ለዚሁ የተቋቋመ የመንግሥት ኮሚሽን ነበር፤ በደለል የተሞሉና ውኃ የሚያሰርጉ ግድቦች ያኔም አልጠፉም። ስለዚህ ጥያቄው “መንግሥት ይሥራው ወይስ የግል ድርጅት?” የሚል አይደለም። ጥያቄው ባለሙያውና ማሽኑ ከሄዱ በኋላ በወረዳው ምን ዕውቀትና ምን ሰነድ ይቀራል የሚለው ነው።

ነገሩ ከጥናቱ ይጀምራል። ለመስኖ ወሳኙ የወንዙ ውኃ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ስንት እንደሚሆን ማወቅ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ወንዞች ግን የፍሰት መለኪያ ጣቢያ የላቸውም። የአማካሪው ውል የሁለት ወይም የሦስት ወር ዕድሜ ብቻ ከተሰጠውና ጊዜው በጥቅምትና በኅዳር ላይ ከዋለ፣ ባለሙያው የሚያየው ገና ከክረምቱ ያልጎደለ ወንዝ ነው። የቀረውን ከሌላ ተፋሰስ በተወሰደ መረጃ ገምቶ ይሞላዋል። በባሕላዊ መስኖ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ግን ወንዙ በየትኛው ወር እንደሚሳሳ፣ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ፣ ጎርፉ እስከየት እንደደረሰ ያውቃል። እርሱን መጠየቅ በአማካሪው በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ በቢጋሩ ላይ እንደ ግዴታ መጻፍ አለበት። ቢጋሩ ሲዘጋጅ ወረዳው ከሌለ ግን ይህን የሚያስጽፍ አይኖርም።

ሁለተኛው ጉዳይ ክፍያው ነው። ተቋራጩ የሚከፈለው በቆፈረው አፈርና በገነባው ግንብ መጠን፣ በሜትር ኪዩብ ተለክቶ ነው። አርሶ አደሩ ደግሞ ሥራውን የሚለካው ውኃ ባገኘው ጥማድ ነው። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ትልቅ ክፍተት አለ። ቦዩ በውሉ መሠረት ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ፣ ክፍያውም ተጠናቅቆ፣ ማሳው ግን ከቦዩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ዲዛይኑን ያወጣው ድርጅት ራሱ ተቆጣጣሪ ሲሆን ደግሞ የገዛ ስህተቱን ጽፎ እንዲያመለክት መጠበቅ ይከብዳል። ስለዚህ የወረዳው ባለሙያ መሠረቱ ሲቆፈርና ሲሞላ በቦታው ተገኝቶ ያየውን በየዕለቱ መመዝገብ ይኖርበታል። አፈር የለበሰ መሠረት በኋላ በዓይን አይታይም።

ሦስተኛው ርክክብ ነው። በተለመደው አሠራር ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻ ርክክብ ያለው የአንድ ዓመት ጊዜ ጉድለት የሚታይበትና ተቋራጩ የሚያስተካክልበት ነው። ይህ ጊዜ በዝምታ ካለፈ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቃል፤ ተቋራጩም ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ርክክቡ በወረቀት ብቻ ማለቅ የለበትም። ውኃው ተለቅቆ ከቦዩ ጫፍ ያለው የመጨረሻ ማሳ ድረስ መድረሱ ይታይ፤ የዚያ ማሳ ባለቤትም ይፈርም። የወረዳ ኃላፊዎች ሊያስታውሱት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የግንባታ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። “ዓመቱ አልፏል” ተብሎ የተዘጋ ፋይል ሁሉ የምር የተዘጋ ላይሆን ይችላል፤ የሕግ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

የመጨረሻው ከርክክብ በኋላ ያለው ነው። አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አውታሩን እንዲያስተዳድሩና እንዲጠግኑ ሥልጣንም ኃላፊነትም ሰጥቷቸዋል። ይሁንና የበሩን አከፋፈትና የቦዩን አጠራረግ የሚያስረዳው ሰነድ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በክልል ቢሮ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ማኅበሩ በምን ያስተዳድር? በሰሜን ሜጫ ወረዳ የሚገኘውና 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታሰበው የቆጋ መስኖ ግድቡም ቦዩም የተሠራው በተቋራጭ ነው። ዛሬ ውኃውን በየማሳው የሚያከፋፍሉት ግን ተቋራጩ ወይም አማካሪው ሳይሆኑ አርሶ አደሮቹና የመንግሥት ባለሙያዎች ናቸው። በትንሹም በትልቁም መስኖ ሥራው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በእነርሱ ትከሻ ነው።

ወረዳው ከሥራው በራቀ ቁጥር ዕውቀቱም ይርቃል። መለኪያ መሣሪያ ያልያዘ፣ ዲዛይን ያልገመገመ ወጣት መሐንዲስ ለጥቂት ዓመታት ደብዳቤ ሲያመላልስ ቆይቶ ወደ አማካሪ ድርጅት ቢሄድ አይፈረድበትም። ጽሕፈት ቤቱ ግን በቀጣዩ ጊዜ ለትንሽ ጥገና እንኳ አማካሪ ለመቅጠር ይገደዳል።

በመሆኑም ከሚቀጥለው ጨረታ በፊት አራት ነገሮች በውሉ ውስጥ ይግቡ። የጥናቱ ጊዜ ቢያንስ አንድ በጋን ይሸፍን፤ የውኃ አባቶችም ይጠየቁ። የወረዳው ባለሙያ ከጥናት እስከ ርክክብ ከአማካሪው ጎን ይሥራ። የመጨረሻው ክፍያ ውኃው የመጨረሻው ማሳ ላይ ከመድረሱ ጋር ይታሰር። ሙሉ ሰነዱ በአማርኛ ማብራሪያ ተዘጋጅቶ ለወረዳውና ለማኅበሩ ይሰጥ።

ይህን ማስፈጸም የወረዳ አመራሩ ድርሻ ነው። አርሶ አደሩም ሥራው በቀበሌው ሲጀመር ውሉ ምን እንደሚል መጠየቅ መብቱ ነው። ቦዩ ውኃ ካላመጣ ከነችግሩ የሚኖረው እርሱ ነውና።