ርኅራኄ በግድግዳ ጽሑፍ አይመጣም



በየጊዜው አንድ ቪዲዮ በስልካችን ይዞራል። ነርስ በሽተኛ ላይ ስትጮህ፣ ወይም በሽተኛ ቆሞ እሷ ስልኳን ስትነካካ። ከሥሩ ስድብ ይዘንባል፤ «አረመኔዎች»፣ «ልብ የላቸውም»። እኛ የደባርቅና የዳባት ወጣቶችም እዚያ ውስጥ አለን። እኔም አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ፣ አልደብቅም። ዛሬ ግን ያንን ፍርድ እቃወማለሁ። ነርሷ ልብ ከሌላት ምንም ማድረግ አይቻልም፤ የሚቀረን መሳደብ ብቻ ነው። እኔ እንዳየሁት የጎደለው ልብ ሳይሆን ሰው የማነጋገር ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ ይማሩታል።

የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። ከሊማሊሞ ሥር ነው የሚኖሩት፤ የስኳር ሕመም አለባቸው። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀር ስሙን ወደማልጠራው የጤና ተቋም ወሰድኳቸው። ነርሷ ዓይኗን ከካርዱ ሳታነሳ «አንቺ፣ መድኃኒትሽን በትክክል እየወሰድሽ ነው?» አለቻቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን ሴት፣ አንቱ በሚባልበት አገር! አክስቴ ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው «አዎ ልጄ» አሉ። «ገባሽ?» «አዎ»። አለቀ። ይጾማሉ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እሳቸውም ቁጣ ፈርተው ዝም አሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው ቤት ውስጥ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። ክኒኑን በሱሑር እየዋጡ ጾሙ። በአራተኛው ቀን ከዐስር በፊት ስኳራቸው ወርዶ ምድጃው አጠገብ ወደቁ። ራሳቸውን ሳይስቱ ልጃቸው ደርሳ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸውና ተረፉ፤ አልሐምዱሊላህ።

ያቺ ነርስ ክፉ ነበረች? አይመስለኝም። የክኒኑን ስምና መጠን በደንብ ታውቃለች። አንዲት የፈራች አሮጊት እውነቱን እንድትናገር እንዴት እንደምትጠይቅ ግን ማንም ፊቷ ቁጭ ብሎ አላሠለጠናትም።

መንግሥት ችግሩን ያውቀዋል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት ነበር። ሥልጠና ተሰጠ፣ ቃሉም በየግድግዳው ተለጠፈ። ቃሉ ጥሩ ነው። ግን መድረሳ የገባ ሰው ያውቃል፤ ተጅዊድ ግድግዳ በማንበብ አይያዝም። ኡስታዙ ፊት ትቀመጣለህ፣ ትቀራለህ፣ ትሳሳታለህ፣ ያቆምሃል፣ ትደግማለህ። ቃፍን ከካፍ እስክትለይ ሳምንት ይፈጃል። አዳራሽ ውስጥ ስላይድ አይታ፣ የውሎ አበል ፈርማ የወጣች ነርስ በማግስቱ እንደ ድሮዋ ብትናገር ምን ይገርማል?

እውነተኛው ሥልጠና ቀላል ነው። አንድ ሰው በሽተኛ ሆኖ ይቀመጣል። ነርሷ ስሟን ትነግረዋለች፣ አንቱ ትላለች፣ ከመንካቷ በፊት የምታደርገውን ታስረዳለች፣ መጋረጃውን ትስባለች። (መጋረጃው የሒጃብ ለባሿ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከጃናሞራ የመጣችው ክርስቲያን እናትም ታፍራለች።) «ገባሽ?» ማለት ትታ «እስቲ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ትላለች። የሚያይ ሰው ያርማታል፤ ትደግማለች። ይህ ምኞት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በሥልጠና ላይ ያሉ 99 ሐኪሞች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ እያንዳንዱ 60 ደቂቃ የሆነ ሦስት ትምህርት ስለ ርኅራኄ ወሰዱ። ዳኞቹ በሽተኞቹ ነበሩ፤ ለሠለጠኑት የተሻለ ነጥብ ሰጡ። ሦስት ሰዓት ብቻ!

ወደ ራሳችን ደጅ ልምጣ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ዳባት ላይ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። መጠይቅ ይዞ በር የሚያንኳኳው ልጅ ከመላኩ በፊት እንዴት ሰላም እንደሚል፣ እንዴት ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ አሮጊቷን እንዴት እንደማያስከፋ ይሠለጥናል። ቅጽ ለሚሞላ ይህን ያህል ከተጨነቅን መርፌ ለምትወጋው ለምን አንጨነቅም?

«በዚህ ደመወዝ ደግሞ ፈገግታ?» የሚሉኝ ነርሶች አሉ። እውነት አላቸው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በቅንጦት አይደለም። በጦርነቱ ጊዜም ጥይት እየተሰማ ቁስለኛ ሲያነሱ አይተናል። ደመወዛቸው ይጨመር፤ ይህ የእኛም ጥያቄ መሆን አለበት። ግን እኔ ፈገግታ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት አክስቴ ምድጃ ላይ እንዳይወድቁ ነው። «ጊዜ የለም» የሚለውንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ የተጠና ነገር አለ፤ ሐኪሞቹ በሽተኛውን የሚያቋርጡት በአማካይ በ18 ሴኮንድ ነበር። ያልተሰማ በሽተኛ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ወረፋው ይረዝማል።

ወይም ጭራሽ አይመጣም፤ ይህ ይብሳል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተደረጉት 26 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ያኔም ከግማሽ በላይ ቤት ይወለድ ነበር። በስሜን ዳገት መንገዱ ሩቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን በቃሬዛ ከወረደች በኋላ «ስትፀንሺ አልጮህሽም» የተባለች ሴት ለጎረቤቷ ምን ብላ እንደምትመክር ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ቪዲዮ መቅረጹን እንተው። የሆስፒታል ቦርድ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ አለ፤ ሄደን እንጠይቀው። ተጨማሪ ፖስተር አንፈልግም። በወር አንድ ሰዓት፣ እዚያው ዋርድ ውስጥ፣ አንድ ነባር ነርስ እያረመች የሚደረግ ልምምድ ይጀመር። ወንበርና መጋረጃ ይበቃል። በሽተኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ከጠፋም አክስቴ ፈቃደኛ ናቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ። «አንቺ ያለችኝን ግን አልመልስላትም» ብለዋል።