መኪናዬን ዝቅ ላድርጋት ወይስ ከፍ?

እናቴ የእኔን ቪትዝ «ጋሪዋ» ነው የምትላት። በየሁለት ሳምንቱ ለወገቧ ሕክምና ከሰሚት ወደ መሀል ከተማ አመላልሳታለሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ በሁለት እጇ ወንበሩን ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ባለፈው ግን ጸሎቱን አቋረጠችና «ልጄ፣ ሐኪሙ እየጠገነ አንተ እያፈረስክ ይኼ ወገብ እስከ መቼ ይዘልቃል?» አለችኝ። እንግዲህ ለዚህ ምን ይመለሳል? ዝም ብሎ ዕቁብ እስኪደርስ መጠበቅ ነው።

ዕቁቡ ደረሰ። 50 ሺህ ብር። (በአንድ ቅዳሜ ይኼን የሚጨርሱ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከነሱ ጋር አልወጣም።) ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ይኼን ገንዘብ ይዤ መኪናዋን ከሥር ማስተካከል። መኪና አንድ ነገር ሆናለች ሲባል ደግሞ በዚህ ከተማ አማካሪ አይጠፋም።

የመጀመሪያው የሰፈሬ ልጅ ነው። የእሱ መኪና መሬት ልትልስ ምንም አልቀራትም፤ ቸርኬዋ ትልቅ፣ ጎማዋ እንደ ላስቲክ ቀጭን። «ኮይል ኦቨር አስገባላት፤ እሱ ከከበደህ ሞላዋን በግራይንደር አስቆርጠህ ዝቅ አድርጋት። አስፋልቱ ላይ ነው የምትለጠፍልህ» አለኝ። ሁለተኛው በመኪናው ተሳፋሪ እየጫነ የሚያድር ጎረቤቴ ነው። «ዝቅ? አብደሃል እንዴ! ስፔሰር አስገብተህ ከፍ አድርጋት እንጂ፤ የኛ ሰፈር መንገድ ዝቅ ያለ መኪና ይወዳል?» ሦስተኛው ሁልጊዜ የምሄድበት መካኒክ ነው፤ እጁን እየጠረገ «አራቱንም ሾክ ቀይር» አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ልብ በሉልኝ፤ ከሦስቱ አንዱም ጎንበስ ብሎ መኪናዋን ከሥር አላያትም።

የእኔን አቋም ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ተጣሉኝ። በየቀኑ የምትነዳ፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት መኪና ካለቻችሁ፣ ኪሳችሁም እንደ እኔ ከሆነ፣ ትልቁ «አፕግሬድ» ፋብሪካው የሠራትን መኪና መልሳችሁ ማግኘት ነው። አብዛኛው ሰው «ቪትዝ ትደበድባለች» ሲል ጤነኛ ቪትዝ ነድቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ቪትዝ እንደ ፈረንጆች በ1999 ነው የወጣው፤ ዛሬ እኛ የምንነዳቸው ላስቲካቸው የተሰነጣጠቀ፣ ሾካቸው የደከመ፣ ሦስት አራት ባለቤት የቀያየሩ ናቸው። የሚደበድበን እርጅናው ነው።

«ታዲያ አዲስ አትገዛም?» የሚል አይጠፋም። ወዳጄ፣ በየትኛው ገንዘብ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ይግዛ፤ እኔ ግን ይቺኑ ጋሪዬን ገና ብዙ ዓመት እነዳታለሁ። የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ስለዘለለ ተሳስቶ መግዛት እንደ ድሮው ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። ሰው ሞላንና ሾክን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሞላው ነው ክብደት የሚሸከመው። ሾክ (ትልልቆቹ መካኒኮች አሞርዛተር የሚሉት) የሚሸከመው እዚህ ግባ የሚባል ክብደት የለም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቃል፤ ብቻውን ቢተዉት ደግሞ ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ይቀጥላል። ሾኩ ነው «በቃ» የሚለው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ያልፋል፣ እንቅስቃሴውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በመጥፎ መንገድ ረጅም ከነዳችሁ በኋላ ሾኩን ብትነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው።

ሾኩ ሲሞት ታዲያ የሚጎዳው የእናቴ ወገብ ብቻ አይደለም። ጎማው ኮረኮንች ላይ እየነጠረ ለቅጽበት መሬት ይለቃል። ፍሬን ደግሞ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን የሚሠራው ጎማው መሬት እስከነካ ድረስ ነው። ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ ታች እየወረድኩ በዝናብ ፍሬን ስይዝ የፊቷ ግራ ጎማ እየዘለለች ከፊቴ ለነበረው ሚኒባስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው የቆምኩት። ያን ቀን ጥፋቱን ለዝናቡ ሰጥቼ አለፍኩ።

ስለዚህ «መድረቅ» ማለት «ጥንካሬ» አይደለም። ይኼን ለሰፈሬ ልጅ ማስረዳት አቅቶኛል። እንደ ጠረጴዛ ለስላሳ በሆነ የውድድር መንገድ ላይ የደረቀ ሞላ ይጠቅም ይሆናል። አንድ ቶን ያልሞላች መኪና ላይ አስገብታችሁ ኮብልስቶን ላይ ስትነዷት ግን ጎማዋ መንገዱን መከተል ያቅተዋል፤ ትዘላለች። ሞላ ማስቆረጥ ደግሞ የባሰው ነው። ሞላ ሲያጥር ይደርቃል፣ መኪናዋም ዝቅ ስለምትል የምትጨመቅበት ርቀት ያልቅና ማቆሚያው ጎማ ላይ ትጋጫለች። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ እንዲገጥም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከቆረጣችሁት ጎማው በጉድጓድ ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ሌላም አለ፦ ቪትዝን በመሰሉ፣ ፊታቸው በማክፈርሰን ስትራት በተሠሩ መኪኖች ላይ ከልክ በላይ ዝቅ ስትሉ የብራቾው ማዕዘን ይበላሽና መኪናዋ ኩርባ ላይ የምታጋድልበት ማዕከል ከአካሏ ይበልጥ ይወርዳል። ባጭሩ፣ ዝቅ ያለችው መኪና ጭራሽ ለማጋደል የበለጠ ምክንያት ታገኛለች። ጥሩ ኮይል ኦቨር መጥፎ ነገር ነው አልልም፤ በርካሹ ግን አልስማማም። ጥሩው ደግሞ የእኔን ዕቁብ ሁለት ሦስቴ ይበላል።

ጎረቤቴ ላይ ያን ያህል አልጨክንም። የእሱ ሐሳብ ከችግር የመጣ ነው፤ ሆዷ በየስፒድ ብሬከሩ የሚላጥ መኪና የነዳ ይረዳዋል። በልኩ የተሠራ፣ ከስትራቱ ላይ የሚገባ ስፔሰር ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢያነሳ ብዙ ጉዳት አያመጣም፤ አላይመንት እስከተሠራ ድረስ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ጎማ የሚያዞረው ዘንግ ማዕዘኑ ይጠብቅና ላስቲኩ ይቀደዳል፣ መኪናዋም በነፋስ የምትወዛወዝ ትሆናለች። በሞላው ቀለበቶች መሀል የሚሸጎጠውን ጎማ ግን አደራ! ሞላው እኩል እንዳይሠራ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ያስጨንቀዋል፤ አንድ ቀን ጧ ብሎ ይሰበራል። ደግሞስ መኪናዋ ዝቅ ያለችው ሞላዋ ስለወደቀ ቢሆንስ? ሜትር ይዛችሁ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን ለኩ። ልዩነት ካለ መፍትሔው ሞላ መቀየር ነው።

ለማንኛውም ሦስቱንም ትቼ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ፤ አብሬያቸው ከሥር እንድገባ የፈቀዱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። (ከዚያ በፊት የገባሁበት ጋራዥ ውስጥ አንድ ልጅ የተጨመቀ ሞላ በሽቦ አስሮ ሲፈታ አይቼ ወዲያው ነው የወጣሁት። ያ ነገር ካመለጠ ሰው ይገድላል። ሞላ መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ ሾክ እንዲቀይርላችሁ አትፍቀዱ።)

ያገኘነው ይኼ ነው። የጎማው አየር ከሚገባው በላይ ተነፍቷል፤ ጎሚስታው «ነዳጅ ይቆጥባል» እያለ 45 ሲሞላልኝ ከርሟል፤ በሩ ሥር ያለው ወረቀት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚለው። የስታብላይዘር ሊንኩ ላስቲክ አልቋል፤ ያ «ቋ ቋ» የሚለው ድምፅ እሱ ነበር። የብራቾው ቡሽ ተቀዷል። የፊት ግራው ሾክ ዘይቱን አፍስሶ አቧራ ለብሷል፣ ቀኙም ሊከተለው ነው። የኋላዎቹ ደህና ናቸው። የፊት ጎማዎቹ ጥርስ አላቸው፤ ግን ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር ስናነብ መጨረሻው 2316 ይላል፤ እንደ ፈረንጆች በ2016 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጎማ ሳይሆን ቅርስ ነው የምነዳው።

እንግዲህ «አራቱንም ሾክ ቀይር» ያለኝን ብሰማ ኖሮ ገንዘቤ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ቋቋታውም፣ የተቀደደው ቡሽም፣ ያረጀው ጎማም ባሉበት ይቀጥሉ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው በነፃ ነው፦ አየር መቀነስ። እመኑኝ፣ ግማሹ ድብደባ እዚያው ጠፋ። እናቴን ስንት ወር ያሠቃየኋት በአየር ነበር!

ቀጥሎ ሶማሌ ተራ። ጠዋት የተነገራችሁ ዋጋ ከሰዓት ላይጠብቃችሁ ይችላል፤ የተፈታውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ያገለገለ ዕቃ አልንቅም፤ ያልተጣመመ ብራቾ፣ ያልወደቀ ሞላ ካገኛችሁ ውሰዱ። ያገለገለ ሾክ ግን የሌላ ሰው ያለቀ ካልሲ እንደመግዛት ነው፤ ስንት መንገድ እንደበላ ከውጭ አይታይም። ጋራዥ ውስጥ ተበስቶ ዘይት ተሞልቶ «አዲስ ሆነልህ» የሚባለውም ያው ነው። የፊት ሁለቱን አዲስ ካያባ ገዛሁ፤ ሁለቱን የምለው አንድ ብቻ ከቀየራችሁ መኪናዋ ግራና ቀኝ የተለያየ ጠባይ ስለምታወጣ ነው። ካርቶን አይታችሁ አትመኑ፤ ካርቶን ማተም ቀላል ነው። ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፣ ዘንጉን በእጃችሁ ወደ ታች ግፉት፤ ጋዝ ያለው ሾክ እኩል እየተቃወመ ገብቶ በራሱ ቀስ እያለ መመለስ አለበት። ሻጩ «አትንካ» ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ቡሹን የላስቲኩን ነው የወሰድኩት። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የመንገዱን ንዝረት ሁሉ ወደ ወንበር ያመጣል፣ ቅባቱ ሲደርቅም ይጮኻል።

ከሽማግሌው ጋር የተጣላነው ቡሹ ላይ ነው። ብራቾውን መኪናዋ በክሪክ እንደተሰቀለች፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ሊያጠብቁት ሲሉ «ጋሼ፣ መሬት ላይ ስትወርድ ብናጠብቀውስ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ይኼን ሥራ ስጀምር አንተ አልተወለድክም።»

«እሱማ ልክ ነዎት ጋሼ። ግን አሁን ካጠበቁት ላስቲኩ በዚህ ቦታ ነው የሚያዘው። ስትወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይነሳል፣ ላስቲኩ ቀን ከሌት ተጠማዞ ይኖራል።»

ዝም አሉ። የወጣውን የተቀደደ ቡሽ አንሥተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ «ጣውላ አምጣ» አሉኝ። ጎማዎቹን ጣውላ ላይ አስቀመጥን፣ ክብደቷ ሙሉ በሙሉ ካረፈ በኋላ ተጋድመው ገብተው አጠበቁት። የላስቲክ ቡሽ እንዲህ ካልተጠበቀ ከዕድሜው በፊት ነው የሚቀደደው፤ ሰውም «ቻይና ስለሆነ ነው» እያለ ደጋግሞ ይገዛል። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ሳንቲም አልተከፈለም፤ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የወሰደው። አሳቸው ሲጨርሱ «ለሌላም ሰው እንዲሁ አደርጋለሁ» አሉ፤ እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

አላይመንት አሠራሁ። ከ50 ሺሁ የተረፈው ለጎማ አልበቃም፤ የቅርሶቹ ጉዳይ በሚቀጥለው ዕቁብ ይታያል፣ እስከዚያ በዝናብ ቀስ እላለሁ። የሰፈሬ ልጅ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ታዲያ ምኑን ነው የቀየርከው? ምንም አይታይም እኮ!» አለ።

ባለፈው ረቡዕ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ኮብልስቶኑ ጋ ስንደርስ በስልክ ከእኅቷ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራች ነበር፤ ሳታቋርጥ አለፍነው። አስፋልት ከገባን በኋላ ስልኩን ዘጋችና ወንበሩን ዳበስ ዳበስ አድርጋ፦

«ወንበሩን ነው እንዴ ያስቀየርከው?»