ለነጋዴ ስፌት አንድ ሚዛን፥ ለሳሚ ስፌት ሌላ ሚዛን

አንድ አነስተኛ የጂንስ ድርጅት ከሳሚ ሕዝብ ቅርስና ከድሮ የሠራተኛ ልብስ መነሻ አግኝቼ ሠራሁት የሚለውን ሱሪ ለገበያ አቅርቧል። ወሬውን ከሰሙት መካከል፥ «ምን ክፋት አለው? ቅርስ ሲታወስ፥ ሠራተኛ ሲከበር ደስ ሊለን ይገባል እንጂ» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም። ክርክራችን ከሱሪው አሰፋፍ ጋር አይደለም፤ ሱሪው ጠንካራም ቆንጆም ሊሆን ይችላል። ክርክራችን «መነሻ አገኘሁ» ከምትለው አነጋገር ጋር ነው። ይህች አነጋገር ወሰድሁ አትልም፥ ገዛሁ አትልም፥ ጠየቅሁም አትልም፤ ሦስቱንም ሳትል የሦስቱንም ቦታ ይዛ ትቀመጣለች።

በመጀመሪያ የጂንሱን ንግድ ራሱን እንመልከት። (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በኔቫዳ አገር በሬኖ ከተማ ይሠራ የነበረው ልብስ ሰፊ ጄኮብ ዴቪስና የሳን ፍራንሲስኮው ነጋዴ ሌቪ ስትራውስ፥ የሱሪን ኪስ ጫፍ በብረት ምስማር መትቶ ለማጠንከር ያወጡትን ዘዴ ግንቦት 20 ቀን 1873 ዓ.ም. በአሜሪቃ መንግሥት ዘንድ በቁጥር 139,121 አስመዘገቡ። ዘዴው የእነርሱ፥ የእነርሱ ብቻ ሆነ። ቆየት ብሎም በኋላ ኪስ ላይ ያለው የቀስት ቅርጽ ስፌት በ1943 የዚሁ ቤት የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክር በቁጠባ ሲታደል፥ ድርጅቱ ምልክቱ ከሚቀር ብሎ ቀስቱን በቀለም እስከ ማስቀባት ደርሷል። በ2000ዎቹም ዓመታት ስፌታችንን አስመስላችኋል እያለ ብዙ ጂንስ ሰፊዎችን በየፍርድ ቤቱ ከሷል።

ይህን የምንጠቅሰው ለመንቀፍ አይደለም። ሰው የሚታወቅበትን ምልክት ቢጠብቅ መብቱ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ፍርድ ቤት ተከሳሹ ቆሞ፥ «ከኪሳችሁ ላይ መነሻ አገኘሁ፤ ይህም ለእናንተ ክብር ነው» ቢል ይህ ብቻውን መልስ አይሆነውም። እንግዲህ የጂንስ ንግድ ስፌት ባለቤት እንዳለው አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። ጥያቄው ይህን ዕውቀቱን ከራሱ ኪስ አልፎ ለሌላው ሰው ለምን አይጠቀምበትም የሚል ነው።

ሳሚዎች በሰሜን ኖርዌይ፥ በሰሜን ስዊድን፥ በሰሜን ፊንላንድና በሩሲያ የኮላ ልሳነ ምድር የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ጋክቲ የሚባለው ልብሳቸው ለዓይን ማማሪያ ብቻ የተሠራ አይደለም። ቀለሙ፥ ጥብጣቡና ጥልፉ ለባሹ የየት አገር ሰው፥ የየትኛው ቤተ ሰብ ልጅ እንደ ሆነ ይናገራል፤ በአንዳንድ አካባቢም የመቀነቱ ቁልፍ ያገባ ወይም ያላገባ መሆኑን ይገልጻል። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፎሰን ለነፋስ ኃይል ማመንጫ የተሰጠው ፈቃድ የሳሚ እረኞችን መብት የነካ ነው ብሎ በጥቅምት 2021 ፈረደ፤ ማመንጫው ግን አልተነሣም። በዚህ ምክንያት በ2023 ኦስሎ ላይ ሰልፍ የወጡ ሳሚዎች ተቃውሟቸውን የገለጹት ጋክቲያቸውን ገልብጠው በመልበስ ጭምር ነበር። እንዲህ ያለውን ልብስ ጌጥ ብሎ መጥራት ቋንቋን ጩኸት ብሎ እንደ መጥራት ነው። የነጋዴው ቀስት ሱሪው የየትኛው ቤት ሥራ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ጋክቲ ግን የማን ልጅ እንደ ሆንህ ይናገራል። ከሁለቱ ይልቅ መከበር የሚገባው የትኛው ነው?

ይህ ዛሬ «ቅርስ» እየተባለ የሚወደሰው ነገር ትናንት ወንጀል ነበር። አንደርስ ፖውልሰን የተባለው ሽማግሌ ሳሚ ከበሮው በ1691 ተወስዶበት፥ በ1692 በቫድሶ ከተማ በጥንቆላ ተከሶ ቀረበ፤ ፍርዱም ሳይሰጥ በሰው እጅ ተገደለ። ከበሮው ወደ ዴንማርክ ተሻግሮ የሙዚየም ዕቃ ሆነ፤ ባለቤትነቱ ለሳሚዎች የተመለሰው በ2022 ነው። የአንድ ከበሮ ባለቤትነት ወደ ሕዝቡ እስኪመለስ ከ330 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች የሳሚ ልጆች ቋንቋቸውን እንዲተዉ ለብዙ ትውልድ ተገደዋል። በስዊድን አገር በ1922 በኡፕሳላ የተቋቋመው የዘር ምርመራ ተቋም ሳሚዎችን ራሳቸውን እየለካ፥ ፎቶግራፍ እያነሣ ከዝቅተኛ ዘር ቆጥሯቸዋል።

«ታዲያ ይህን ያደረጉት መንግሥታትና ቀሳውስት ናቸው እንጂ ሱሪ ሰፊው ምን አደረገ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሱሪ ሰፊው ከበሮ አልቀማም። ይሁን እንጂ ሳሚ መሆን ዋጋ በሚያስከፍልበት ዘመን ዋጋውን የከፈሉት ሳሚዎች ብቻቸውን ነበሩ። ዛሬ ትርፍ በሚያስገኝበት ዘመን ትርፉን ሌላው ብቻውን ቢሰበስብ፥ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው መድረሱ አይደለምን?

የሱሪው ሁለተኛ መነሻ የተባለው የድሮ የሠራተኛ ልብስም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። በጥቅምት 2022 በኒው ሜክሲኮ በተደረገ ጨረታ፥ ከተተወ የማዕድን ጉድጓድ የተገኘ የ1880ዎቹ የሌቪስ ሱሪ ከ87,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። በኪሱ ውስጠኛ ጨርቅ ላይ፥ ልብሱ በነጭ ሠራተኞች እጅ ብቻ የተሠራ መሆኑን የሚያስታውቅ ጽሑፍ ታትሞበታል። ዘመኑ የአሜሪቃ መንግሥት በ1882 ባወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የከለከለበት፥ ጥላቻም ለሸቀጥ ማስታወቂያ የሆነበት ዘመን ነበር። እንግዲህ የድሮውን የሥራ ልብስ እናከብራለን የሚሉ ሰዎች ስፌቱን ብቻ ሳይሆን ኪሱንም ገልብጠው ማየት አለባቸው። ጉልበቱ ላይ የነጣ ሱሪ ዛሬ በውድ ይሸጣል፤ ጉልበቱን ያነጣው የማዕድን ቆፋሪ ግን ከዚያ ዋጋ ሳንቲም አልደረሰውም።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ክርክር በየተራ እንመልስ።

«ባህል የሁሉ ነው፤ ሳሚዎችም ራሳቸው ከሌላው ወስደዋል» ይላሉ። ሳሚዎች ለጋክታቸው የሱፍ ጨርቅን፥ ለጌጣቸውም ብርን ከሌሎች ሕዝቦች ነጋዴዎችና አንጥረኞች ማግኘታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ገዝተው እንጂ መነሻ አግኝተው አይደለም። ገበያ ማለት ይህ ነው፤ የሰጠውም የተቀበለውም ይታወቃል።

«ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ትልልቆቹን ተዋቸው እንዴ?» ይላሉ። ትንሽነት ከዕዳ ነፃ አያወጣም። እንዲያውም የሳሚ የእጅ ሥራ፥ ዱዎጂ የሚሉት፥ ጥቂት እጆች ቀስ ብለው የሚሠሩት ሥራ ስለ ሆነ፥ ገበያውን ቀድሞ የሚሻማው ትልቁ ፋብሪካ ሳይሆን በጥቂት ቁጥር በውድ ዋጋ የሚሸጠው ትንሹ ድርጅት ነው።

«ማንን እንጠይቅ? ሳሚዎች በአራት አገር ተበትነዋል» ይላሉ። ለመጠየቅ የፈለገ ሰው አድራሻ አያጣም። የሳሚ ምክር ቤት ከ1956 ጀምሮ አለ። የሳሚ ፓርላማ በኖርዌይ በ1989፥ በስዊድን በ1993፥ በፊንላንድ በ1996 ሥራ ጀምሯል። እውነተኛውን የሳሚ የእጅ ሥራ ከአስመሳዩ የሚለይ «ሳሚ ዱዎጂ» የተባለ ምልክትም ከ1982 ጀምሮ ይሠራበታል። የዲዝኒ ፊልም ድርጅት በ2019 ላወጣው ለ«ፍሮዝን» ሁለተኛ ክፍል፥ ከሦስቱ ፓርላማዎችና ከሳሚ ምክር ቤት ጋር ውል ተፈራርሟል፤ የሳሚ አማካሪዎችን ሰምቷል፤ ፊልሙንም በሰሜን ሳሚ ቋንቋ አውጥቷል። ለትርፉ የሚሳሳው ያ ታላቅ ድርጅት መጠየቅ ከቻለ፥ አንድ ሱሪ የሚሰፋ ሰው አልቻልሁም ሊል አይገባውም። እርግጥ አንድ የጋክቲ ዓይነት የአንድ አካባቢ ወይም የአንድ ቤተ ሰብ ስለሚሆን፥ አንድ ቢሮ ስለ ሁሉም እሺ ሊል አይችልም፤ ጥየቃው አድካሚ ነው። አድካሚ ነገር ግን የማይቻል አይደለም።

በአንድ ነገር እንዳንሳሳት እንጠንቀቅ። ሳሚ የሆነ ሰፊ የአያቱን ጥልፍ በጂንስ ላይ ቢሰፋ፥ ተው ሊለው የሚችል የራሱ ወገን ብቻ ነው። ሳሚ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ይቀመጥ፥ ዘመናዊ ልብስ አይንካ የሚለው ሰው፥ ራስ ከሚለካው የኡፕሳላ ምሁር ብዙም አይርቅም። እኛ የምንለው ቅርሱ አይለወጥ አይደለም፤ የሚለውጠው ባለቤቱ ይሁን፥ ወይም ባለቤቱ እሺ ያለው ይሁን ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ደካማ ነው። የደራሲ መብት ሕግ የታወቀ ደራሲና የተወሰነ ዘመን ይፈልጋል፤ የትውልድ ስፌት ግን አንድ ደራሲ የለውም። በግንቦት 2024 በጄኔቭ የጸደቀው ዓለም አቀፍ ውል የዕፅዋትንና የእንስሳትን ዘር፥ ከእርሱም ጋር የተያያዘውን ነባር ዕውቀት የሚመለከት ነው እንጂ ስፌትንና ጥልፍን አይነካም። ስለዚህ ዛሬ «ሕግ አልጣስሁም» የሚል ነጋዴ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕግ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ጨዋ ሰው ለዚያ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለው።

እንግዲህ መምህራኖቻችንንም ባልንጀሮቻችንንም የምንጠይቀው ይህን ነው። የሕግ መምህራን ባለቤትነትን ሲያስተምሩ የኪስ ቀስትን ብቻ ሳይሆን የጋክቲን ጥብጣብም ይጥቀሱ። የንድፍና የሥነ ጥበብ መምህራን ተማሪው «መነሻ አገኘሁ» ብሎ ሲጽፍ፥ «ከማን? ጠየቅህ? ምን ተባልህ?» ብለው ማርክ ይቀንሱበት። ተማሪውም በገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሱሪ ሲያጋጥመው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማን እሺ አለ? የማን ስም ተጻፈበት? ከዋጋው ለማን ምን ደረሰው? ለሦስቱ መልስ ያለው ሻጭ ቢኖር ሱሪውን ገዝተን በደስታ እንለብሳለን። መልስ የሌለው ግን፥ ቅርስ የሚለውን ቃል ከሱሪው ላይ ፈትቶ ይሽጠው፤ ያን ጊዜ ሱሪው የራሱን ዋጋ ያወጣል።