629ን አውቀን 399ን ረሳን

እስቲ ከዳንግላ እንጀምር። አንድ የምናውቀው ልጅ አለ። ስሙን አንነግራችሁም፤ ሠፈሩንም አንነግራችሁም። ብንነግራችሁ ጽሑፉን ትታችሁ ልጁን ትፈልጋላችሁ።

ይህ ልጅ እንቅልፍ ካጣ ወራት ሲሆነው ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደ። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ሴት እናቱን ታውቃለች። ወረፋ ላይ አጠገቡ ያሉት ሰውዬ የአባቱ እድርተኛ ናቸው። ተራው ደርሶ ገባ። «ምን ያስጨንቅሃል?» ተባለ። «ትምህርት» አለ። ክኒን ተጻፈለትና ወጣ። ልጁ ግን ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ልጁ ልቡ የሚሄደው ወደ ወንድ ነው። ማንንም ነክቶ አያውቅም። እንቅልፍ የነሳው «አንድ ቀን ይታወቅብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይኸው ነው ጉዳያችን። እዚህ ላይ ገጹን የሚዘጋ ይዝጋ፤ የቀራችሁት አብረን እንዝለቅ።

በአገራችን ስለ አእምሮ ጤና የሚሠሩ ብዙ ጥናቶች የሚጠቀሙበት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ አለ። 20 ጥያቄ ነው፤ መልሱም አዎ ወይም አይደለም። 1ኛው ስለ ራስ ምታት ይጠይቃል፤ 17ኛው ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ። ልጃችን ቢሞላው ብዙ «አዎ» ይወጣዋል። «ለምን?» የሚል ጥያቄ ግን የለውም። «ለምን» የሚለውን የሚጨምረው አጥኚው ነው። የእኛ አጥኚዎችም ተማሪውን ጠይቀዋል፣ ነፍሰ ጡሯን ጠይቀዋል፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበትን ጠይቀዋል፣ እስረኛውንም አልረሱም። እንደ እኛ ልጅ ያለውን የጠየቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ናቸው፤ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸው የአዲስ አበባ ወንዶች «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» በሚል ኅብረተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ያጠኑበትን ጽሑፍ በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እሱም አዲስ አበባ ነው። ዳንግላና እንጅባራስ?

«በሽታ ስለሆነ ይታከምና ይዳን» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ይህን ክርክር ሳይንሱ ከጨረሰው ቆየ። በ1957 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቭሊን ሁከር የ30 የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪና የ30 ሌሎች ወንዶችን የሥነ ልቦና ፈተና ውጤት ያለ ስም ለባለሙያዎች ሰጠች። ባለሙያዎቹ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃታቸው። በ1973 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታ ዝርዝሩ ሰረዘው። በግንቦት 1990 የዓለም ጤና ድርጅት ተከተለ። በ2003 ደግሞ ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ የጥናቶቹን ውጤት ሰብስቦ አሳየ፦ በእነዚህ ሰዎች ላይ ድብርትና ጭንቀት በርትቶ የሚታየው ከሚደርስባቸው መገለል፣ ከመደበቅና «ዛሬ ተያዝኩ፣ ነገ ተያዝኩ» ከማለት ነው።

የቤተሰብ ነገር ደግሞ አለ። ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው ወጣቶች እምብዛም ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል ያሉት በ8.4 እጥፍ ነበር።

«የፈረንጅ ጥናት ነው» ትላላችሁ። ልክ ነው። መጠይቁም የፈረንጅ ነው፣ ክኒኑም የፈረንጅ ነው፤ እነሱን ስንውጥ ግን አላነቀንም። የእኛ እናት የካሊፎርኒያ እናት አይደለችም፤ እሱም ልክ ነው። እንግዲያው እዚሁ ይጠና! «የፈረንጅ ነው» እያልን የራሳችንን ጥናት መከልከል ግን የጅል ጨዋታ ነው።

«ሕግ አለ» ደግሞ ትላላችሁ። አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ይወራል። በዚያው ሕግ ውስጥ ቁጥር 399 እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? እሱ የሙያ ምስጢር ያወጣ ሐኪምን፣ ነርስን፣ ጠበቃን፣ የሃይማኖት አባትን ይቀጣል። ልብ በሉ! 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ነርሷ ፊት ተቀምጦ «እንዲህ ይሰማኛል» ማለትን አይደለም። 399 ግን የዚያን ልጅ ቃል ቡና ላይ የዘረገፈችውን ነርስ ይመለከታታል። አንዱን ቁጥር በቃላችን ይዘን ሌላውን የረሳነው ምን ነክቶን ነው?

ነገሩ ለእኛ አዲስ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ገዳይ እንኳ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ይናገራል፤ ቄሱም ገበያ ወጥተው አያወሩም። እኛም ጋዜጠኝነት ስንማር «የደበቃችሁትን ምንጭ አሳልፋችሁ አትስጡ» ተብለናል። ለቄስና ለጋዜጠኛ የገባን ነገር ለሐኪም ሲሆን የሚጠፋብን ለምንድን ነው?

ጊዜው ደግሞ የጥቆማ ሆኗል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ እንዲህ ያለ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መሰል ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ ገልጾ ነዋሪው እንዲጠቁም ጠየቀ። ወሬው ዳንግላ ለመድረስ መኪና አላስፈለገውም፤ በስልክ በዚያው ቀን ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ልጃችን ለማን ይናገር?

እናንተ እንጅባራ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ሳይኮሎጂና ነርሲንግ የምትማሩ፣ ነገራችን ከእናንተ ጋር ነው። ሃይማኖታችሁን ልቀቁ አላልንም። ሰልፍ ውጡም አላልንም። የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሽተኛ ስታናግሩ በሩን ዝጉ። ሁለተኛ፣ የሰማችሁትን ዋጡ፤ ልጁን «ላድንህ» ብላችሁ አታስጨንቁት፣ እንቅልፉን መልሱለት። ሦስተኛ፣ ስታጠኑ ስም፣ ቀበሌና ስልክ አትመዝግቡ፤ ሰው ሊታወቅበት የሚችል መረጃ ካልተያዘ ሊወጣም አይችልም። ይህን ማድረግ የማይችል ጥናቱን ባይጀምረው ይሻላል።

ልጃችን ባለፈው እንደገና ሄዶ ነበር። «ምን ያስጨንቅሃል?» ተባለ። «ትምህርት» አለ። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ እንኳ የጠየቀው የለም።