ደብተሩ ወደ በራችን ሲመጣ



ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት እናት የጭቃ ቤት ግድግዳ በዝናብ ተደረመሰ። ጎረቤቶች የማንንም ትእዛዝ አልጠበቁም። አንዲት ሴት ደብተር ይዘው ከበር ወደ በር ዞሩ። ወጣቶች አጠናና አሮጌ ቆርቆሮ አሰባሰቡ፤ አናጢው ጎረቤት የጉልበቱን አልጠየቀም፤ ገንዘብ የሌለው ጭቃ አቦካ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ቆመ።

ደብተሩ ወደ እኛም በር መጥቶ ነበር። ብር ሰጠን፤ «እኛ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ችግረኞችን የምንረዳበት አገልግሎት አለን» ብለን ባርከን ሸኘናቸው። ሴትዮዋም በትሕትና እንዲህ አሉን፦ «ፓስተር፣ ብሩንስ ሌላውም ይሰጣል። እርስዎ አንድ ቀን መጥተው ከመሃላችን ቢቀመጡልን ነበር ደስ የሚለን።»

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። እውነት ነውና።

ከሰፈር ጉዳይ የራቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀደም ባሉት ዓመታት ወንጌልን ያመኑ ወገኖቻችን ከእድር የተሰረዙባቸው፣ ሬሳቸውን የሚቀብሩበት ቦታ የተነፈጉባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ያን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸውን እድር አቋቋሙ፤ ደግም አደረጉ። ቁስሉን አናቃልለውም። ነገር ግን ተገፍተን የሠራነው አጥር፣ ዛሬ የሚገፋን ሰው በሌለበት ሰፈር እንኳ ወደን የምንቀመጥበት ቤት ሆኖብናል። ጎረቤቶቻችን «ጴንጤዎቹ የራሳቸው አላቸው» ብለው ሲተዉን፣ እኛም ዕረፍት አገኘን።

ቃሉ ግን ዕረፍት አይሰጠንም። በነህምያ 3 የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ ካህናቱ ሳይቀሩ እያንዳንዳቸው በገዛ ቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሠሩ። በዚያው ምዕራፍ ስለ ቴቁሐውያን ተጽፏል፤ ሕዝቡ ሲያድስ ታላላቆቻቸው ለሥራው አንገታቸውን አላጎነበሱም። እኛ አገልጋዮች ከሁለቱ የትኛውን እንመስላለን? በኤርምያስ 29 ደግሞ እግዚአብሔር ምርኮኞቹን ጣዖት በሞላባት በባቢሎን እንኳ የከተማይቱን ሰላም እንዲፈልጉ አዘዛቸው። ባቢሎን ካልተተወች፣ የእኛ ቀጠና እንዴት ይተዋል?

«ገላትያ 6፥10 ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች ቅድሚያ ይሰጣል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ልክ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሱ የሚጀምረው ለሰው ሁሉ መልካም በማድረግ ነው። የኋለኛውን ይዘን የፊተኛውን ልንጥል አልተፈቀደልንም። «እድር ከማናምንበት ሥርዓት ጋር ይያያዛል» የሚሉም አሉ። ሕሊናችን የማይፈቅደውን በትሕትና ተናግረን መተው እንችላለን። ግን ለታመመ መዋጮ፣ ለፈረሰ ቤት ጉልበት፣ ለሐዘንተኛ ድንኳን መትከል ከየትኛው እምነታችን ጋር ይጋጫል? ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን ከቀብር አልፈው የታመሙትንና ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን የደገፉ እድሮች ነበሩ። ያን ሲያዩ ጌታን ማመስገን እንጂ የማን እንደሆነ መጠየቅ አይገባንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ በስብሰባው እንገኝ፤ መናገር ለለመድን ለእኛ ለሰባኪዎች ዝም ብሎ መስማት ራሱ አገልግሎት ነው። ሁለተኛ፣ ማንም የማይፈልገውን ሥራ እንውሰድ፤ ወንበር መሸከም፣ ሒሳብ መጻፍ፣ መዋጮ መሰብሰብ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር የታመኑ ወንድሞችን አብሮ ላከ (2ኛ ቆሮ. 8)። እዚህ ላይ ከሰፈሩ ደብተር የምንማረው አለ፤ ማን ስንት እንደሰጠ፣ ሚስማሩ በስንት እንደተገዛ በሁሉ ፊት ይነበባል። የእኛስ ሒሳብ እንዲሁ ይነበባል?

ሦስተኛ፣ የሰጠነውን ለማጥመጃ አናድርገው። ቤቷ የተሠራላት እናት እሑድ ወደ እኛ ባትመጣም ቤቱ የእርሷ ነው። የተረጂውን ፎቶ አንለጥፍ፤ ትንሽ የሰጠውንም በሰው ፊት አናሳፍር። ጌታ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ያየው ብዛቱን ቆጥሮ አይደለም።

ስለ ክርስቶስ የሚጠይቀን ሰው ሲመጣ ግን ተስፋችንን አንሸሽግም። ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው አብረን ጭቃ ካቦካን በኋላ ነው።

እኛም ዘግይተን ጀምረናል። አሁን በወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንቀመጣለን። ደብተር ይዘው የመጡት እናት የመጀመሪያው ቀን ላይ ወንበር ሳቡልንና «እንኳን መጡ፣ ፓስተር» አሉን። ሌላ አልጨመሩም።

ወገኖች ሆይ፣ ደብተሩ ነገ ወደ እናንተ በር ይመጣል። ብሩን ብቻ ሰጥታችሁ በሩን አትዝጉ፤ አብራችሁ ውጡ።

ጌታ ይርዳን። ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን።