ሕጉ የማን ነው?

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ መልስ ሰሌዳው ላይ «መብት» ብለን ጻፍን። ሦስት ፊደል ናት፤ ሁሉም አነበባት። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን «ይህ የዓለም ሕግ የምትሉት የፈረንጅ አይደል? ለኛ ምናችን ነው?» አሉን።

እናታችን፣ የኛም እጅ አለበት። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ላይዋጋ በ1917 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ፈርሞ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ያንኑ መርዝ ባይሮፕላን አዘነበብን። ሰኔ 23 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ አቤት አሉ። የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ማኅበሩም አላዳነንም።

ከዓለም ጦርነቱ በኋላ መንግሥታት እንደገና መከሩ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲጸድቅ 48 አገሮች ደገፉት፤ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መብት የሚገኘው ሰው ሆኖ ከመወለድ ነው። መንግሥት አልሰጠውምና ልንጠቅ ቢል አይችልም። ወንድ ሴት፣ ሀብታም ድሃ አይልም።

የአገራችንም ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ይህን ተቀብሏል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሁልጊዜ ይፈጸማል አንልም፤ ሳይፈጸም ሲቀር እናንተም ታውቃላችሁ። ሳያነቡት ወረቀት ላይ አውራ ጣት ማሳረፍ ግን ይቅር።

ለሚመጣው ሐሙስ አንቀጹን በትልልቅ ፊደል ጽፈን እናመጣለን። ያቺ እናታችን ያነቡልናል።